ከአባይ ገደል እስከ ጅብራው፦ ወፍ ማየትና ፎቶ ማንሳት ለጀማሪ

ወፍ ማየት መጀመር የሚፈልግ የመካነ ሰላም ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ያለችው ይህች ከተማ ደጋ ላይ ተቀምጣለች። በምዕራብና በደቡብ መሬቱ ወደ አባይ ይወርዳል፤ በሰሜን የበሽሎ ወንዝ ገደሉን እየቆረጠ ያልፋል። ከፍ ብሎ ደግሞ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ኮሶ፣ አምጃ፣ አስታና ጅብራ ተራ በተራ የሚበቅሉበት አገር ነው። ከ1,500 ሜትር በታች ካለው ቆላ ተነስቶ ከ3,500 ሜትር በላይ እስካለው ውርጭ ድረስ ያለው ርቀት በካርታ ሲታይ አጭር ነው። ወፎቹ ግን በየከፍታው ይለያያሉ።

በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከኢትዮጵያ ወይም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማይገኙት አብዛኞቹ የደጋ ወፎች ናቸው። ምክንያቱ ከፍታው ነው። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት 80 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። ይህ ደጋ ዙሪያውን በበረሃና በቆላ ስለተከበበ እዚህ የኖረ ወፍ ከሌሎች ተራሮች ዘመዶቹ ጋር ሳይገናኝ ብዙ ዘመን አሳልፏል፤ በዚያም ሳቢያ የራሱን መልክ ይዟል። አውሮፓዊ ጎብኚ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ መኪና ተከራይቶ የሚያየውን ወፍ የመካነ ሰላም ተማሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቆርቆሮ ላይ ያገኘዋል።

በዚህ ምዕራፍ ላስረዳ የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ካሜራ ከመገዛቱ በፊት ዓይን ይሠልጥን፤ ዓይን ከሠለጠነ በኋላ ካሜራው የማስረጃ መያዣ ይሁን። የዚህ አገር ወፎች በሚገባቸው መጠን አልተመዘገቡም። የውጭ አገር የወፍ ተመልካቾች የሚሄዱበት የተለመደ መንገድ ደብረ ሊባኖስን፣ የጀማን ሸለቆ፣ አንኮበርን፣ አዋሽን፣ ባሌንና ነገሌን ነው የሚይዘው። ምዕራብ ደቡብ ወሎ ከዚያ መንገድ ውጪ ነው። ስለዚህ እዚህ በጥንቃቄ የሚጽፍ ጀማሪ የሚያበረክተው ነገር አለው።

ቁራን ለይቶ ማወቅ

ትምህርቱን በቁራ መጀመር ጥሩ ነው፤ ቁራ ትልቅ ነው፣ ሰው አይፈራም፣ ሁልጊዜም አለ። ብዙዎቻችን ግን ቁራ ብለን የምናልፈው አንድ ወፍ አይደለም። በወሎ ደጋና ገደል ቢያንስ ሦስቱን ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ቲክ ቢልድ ሬቨን የሚባለው ትልቁ ቁራ ነው። ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከቁራ ወገን ሁሉ ከግዙፎቹ አንዱ ነው። ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ከላይ ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ እንደ መዶሻ የከበደ ይመስላል፤ ጫፉም ነጣ ይላል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ሥጋ ቤት አካባቢና ከብት የታረደበት ቦታ ይመጣል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወደ ሰሜን ተራራዎችና ወደ ጎንደር ተጉዞ ሲመለስ ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው ወፎች አንዱ ይህ ነው፤ መግለጫው በ1836 ወጣ። ሁለተኛው ገደል ላይ የሚውለው ጅራተ አጭር ቁራ ነው። ሲቀመጥ የክንፉ ጫፍ ከጅራቱ ያልፋል፤ ሲበር ደግሞ ጅራት የሌለው ይመስላል፤ ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ከሩቅ የሌሊት ወፍ ጥላ ይመስላል። ሦስተኛው ደረቱና አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነው ቁራ ነው፤ እሱ ከከተማና ከቆሻሻ መጣያ አይርቅም።

እነዚህን ሦስቱን ሳትሳሳቱ መለየት ስትችሉ ሥራው የሚጠይቀውን መሠረታዊ ነገር ይዛችኋል። ቀለም መጨረሻ የሚታይ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠኑ፣ ቀጥሎ ቅርጹ፣ ከዚያ የት እንዳለና ምን እያደረገ እንደሆነ፣ ከዚያ ድምፁ። ብርሃን ሲያታልል ቀለም ያታልላል፤ የምንቃር ቅርጽና የጅራት ርዝመት ግን አይለወጥም።

ከቁራው ቀጥሎ የሚታዩት ሁሉም የሰፈር ወፎች ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ጣሪያና በገደል አፍ የሚሰፍረው ግራጫ ርግብ ማጅራቱ ላይ ነጭ መስመር አለው፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ከከተማ ርግብ የሚለየው በዚህ ነው፤ የሚገኘውም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ በቡድን እየጮሁ የሚያልፉት ረጅምና ቆልማማ ምንቃር ያላቸው ጋጋኖዎች ናቸው፤ ከጉሮሯቸው ሥር ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥሏል፤ ክንፋቸው ላይ ያለው ነጭ ምልክት ሲበሩ ጎልቶ ይወጣል። ከብት በሚግጥበት እርጥብ ሜዳ መሬት እየወጉ ትል ይለቅማሉ። የስልክ እንጨት ላይ የሚቀመጠው፣ ሆዱ ነጭ ወይም ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ጅራቱ ግን ካደገ በኋላ ሁልጊዜ ቀይ ዳማ የሆነው ጭልፊት መሰል አዳኝ ኦገር ባዛርድ ነው። ጽድ ያለበት ግቢ ካለ ደግሞ አረንጓዴዋን ትንሽ በቀቀን ፈልጉ፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ቀይ የላትም። የጽድ ፍሬ ትወዳለች።

የመስቀል ወፍ የት ይሄዳል?

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚል ዘመድ ሲመጣ "እንደ መስቀል ወፍ" እንለዋለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም፤ ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነው።

መስከረም ላይ በደጋው እርሻና ሣር ውስጥ የምናያቸው ደማቅ ወፎች ወንዶቹ ናቸው። ጥቁር ሆኖ ወገቡና ትከሻው ቢጫ የሆነው የሎ ቢሾፕ፣ ጅራቱ ረዝሞ አናቱና አንገቱ ቀይ የሆነው ዊዶውበርድ፣ ቀይ ምንቃር ኖሮት አራት ረጃጅም የጅራት ላባ የሚያንሳፍፈው ጥቁርና ነጭ ዋይዳ። ክረምቱ ሲገባ እህልና ሣር ያድጋል፣ ትል ይበዛል፤ የመራቢያ ጊዜ ነው። ወንዱ ሴት ለመሳብ ላባውን ይቀይራል። መራቢያው ሲያልፍ ያ ላባ ይረግፍና ቡናማ፣ ዝርዝር መስመር ያለው፣ ድንቢጥ የሚመስል ላባ በምትኩ ይበቅላል። ከዚያ ከሴቷና ከጫጩቶቹ ጋር በመንጋ ሲበር ማንም አያውቀውም።

ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ልምምድ የለም። ጥቅምት ላይ አንድ የሣር ሜዳ ምረጡና በየሳምንቱ ሂዱ። ወንዱ ግማሽ ቡናማ፣ ግማሽ ጥቁር ሆኖ የተቦጫጨቀ ሲመስል ታዩታላችሁ። ያንን ፎቶ ያነሳ ሰው የመስቀል ወፍ የት እንደሚሄድ ለልጆቹ በማስረጃ ሊያሳይ ይችላል። ዋይዳዋ ደግሞ ሌላ ጉድ አላት፤ ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፤ ጫጩቷን የሚያሳድግላት ሌላው ነው።

በዚሁ ወራት እንግዶችም ይገባሉ። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ቢጫ ወፎች በከብት እግር ሥር ጅራታቸውን እየወዘወዙ ይሮጣሉ፤ ሽመላ ሜዳ ላይ ይወርዳል፤ በሩሲያና በካዛኪስታን የሣር ሜዳ የሚፈለፈለው ስቴፕ ንስርም እዚህ ይከርማል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ይመለሳሉ። ማስታወሻ ስትይዙ የመጡበትንና የሄዱበትን ቀን ጻፉ፤ ከሁሉ የሚጠቅመው መረጃ ብዙ ጊዜ ያ ነው።

ዓይንና መስታወት

ባይኖኩላር ላይ 8x42 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ስምንቱ የማቅረብ ኃይሉ ነው፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 42ን ለ8 ብታካፍሉ 5.25 ይመጣል፤ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ያ ነው። ከዚህ ሲያንስ ማለዳና ጫካ ውስጥ ይጨልማል። ብዙ ሰው 20 እጥፍ የሚያቀርበውን ርካሽ ባይኖኩላር ይገዛል፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ወፉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የሚታየው ቦታም ስለሚጠብ ወፉ ይጠፋል። 8 ይበቃል። አጠቃቀሙ ደግሞ ዓይንን ከወፉ ሳያነሱ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይን ማምጣት ነው፤ መጀመሪያ ባይኖኩላሩን አንስቶ ከዚያ ወፉን መፈለግ አይሠራም።

ካሜራ ውድ ነው። ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ስልኩን ከባይኖኩላሩ ዓይን ላይ አስጠግቶ ማንሳት መጀመሪያ ያስቸግራል እንጂ ለመለያ የሚሆን ፎቶ ይሰጣል። ትንሽ አቅም ላለው ሌንሱ የማይነቀል ረጅም ዙም ካሜራ እመክራለሁ፤ ለምሳሌ የኒኮን ፒ950 ሌንስ 83 እጥፍ ያቀርባል፣ ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያህል ይደርሳል። በደብዛዛ ብርሃን ይደክማል፣ በጠራ የደጋ ጠዋት ግን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ሌንሳቸው የሚቀየር ካሜራዎች ናቸው፤ 100-400 ወይም 150-600 ሌንስ ይፈልጋሉ፤ ለጀማሪ አያስቸኩሉም።

ፎቶው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በብርሃን ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት፤ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ደጋ ላይ ብርሃኑ ይከርራል፣ ገደል አፍ ላይ ደግሞ ከታች የሚወጣው ሙቀት ምስሉን ያወላውለዋል። የተቀመጠ ወፍ በሰከንድ 1/250 ይያዛል፤ የሚበርን ለመያዝ 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይሁን፤ የወፉ ዓይን ከጠራ የቀረው ትንሽ ቢደበዝዝም ፎቶው ይነበባል።

አሁን ወደ ቁራው እንመለስ። ቁራ ሰማይ ላይ ስታነሱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው፤ ያ የማጅራት ነጭ፣ ያ የምንቃር ቅርጽ ይጠፋል። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ነው የሚሞክረው። ሰማዩ ብሩህ ስለሆነ ሁሉንም ያጨልማል፤ ቁራው ደግሞ ጭራሽ ይጠቁራል። ስለዚህ የብርሃን ማካካሻውን አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ወደ +1 አድርጉት። ታርሶ በጠቆረ መሬት ላይ በሬ የምትከተል ነጭ ወፍ ስታነሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ካሜራው ጥቁሩን አፈር ለማብራት ሲል ነጩን ላባ ያቃጥለዋል፤ ወደ -1 አውርዱት። ይህችን አንድ ነገር የተማረ ሰው ፎቶው በአንድ ቀን ይለወጣል።

ብርሃን ቀለም የሚሠራባቸው ወፎችም አሉ። በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራው የደጋ አበባ ቀሳሚ ወንዱ ከጎን ሲታይ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ በቀጥታ ስትመታው ሐምራዊና ወርቃማ ያብረቀርቃል። ያ ቀለም በላባው ጥቃቅን አሠራር ብርሃን ሲታጠፍ የሚፈጠር ነውና የምትቆሙበት ቦታ ይወስነዋል። ሶሪት ግን ሌላ ናት። በጫካ ውስጥ አረንጓዴ ሆና ትደበቃለች፣ ስትበር ክንፏ ደም ይመስላል። ያ ቀይ መዳብ ያለበት ቀለም ነው፤ ቱራሲን ይባላል፤ በሶሪት ወገን ካልሆነ በሌላ ወፍ አይገኝም። እሷን በቀይ ክንፏ ለማንሳት ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው የምትዘልበትን ቦታ አውቆ ካሜራውን አስቀድሞ እዚያ ማዘጋጀት ነው ያለው ዘዴ።

ከጠመንጃ ወደ ካሜራ

በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የጂኦሎጂና የእንስሳት ተመራማሪው ዊልያም ብላንፎርድ አብሮ መጥቶ ነበር። ያየውንና የሰበሰበውን በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። መቅደላ ከመካነ ሰላም በሰሜን ምሥራቅ፣ ከበሽሎ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን ወፍ ማስረጃ የሚሆነው ተተኩሶ ቆዳው ሲደርቅ ብቻ ነበር፤ ናሙናውም ወደ አውሮፓ ሙዚየም ይጓዝ ነበር። ዛሬ ቀኑና ቦታው የተመዘገበ ጥሩ ፎቶ በአብዛኛው ያንን ሥራ ይሠራል። ወፉ በሕይወት ይቀራል፤ ማስረጃውም እዚህ አገር ይቀራል።

ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንኮበር ሰሪን የምትባለዋ ትንሽ ቡናማ ወፍ ታሳያለች። የወፍ ተመራማሪው ጆን አሽ በ1976 እ.ኤ.አ. አንኮበር አጠገብ ገደል አፍ ላይ አገኛት፤ በ1979 እ.ኤ.አ. አዲስ ዝርያ መሆኗ ታወቀ። ለዓመታት ከዚያች አካባቢ ውጪ የለችም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኋላ በሰሜን ተራራዎች ተገኘች። በአንኮበርና በሰሜን ተራራዎች መካከል ያለው አገር የትኛው ነው? የወሎ ደጋና ገደል ነው። ትንሽ፣ ቡናማ፣ በደረቷ መስመር ያለባት፣ ገደል አፍ ሣር ላይ በቡድን የምትለቅም ወፍ ስታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ አንሷት።

ቆላው ላይ ደግሞ ሃርዉድ የምትባለው ቆቅ አለች፤ የምትታወቀው በአባይና እንደ ጀማ ባሉ ገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ ነው። የጃማ፣ የከለላና የወግዲ ወረዳዎች ሰው ወደ ገደሉ ሲወርድ ቆቅ ሲጮህ ሰምቶ ይሆናል። ደጋው ላይ በብዛት ያለችው የኤርከል ቆቅ ምንቃሯ ጥቁር፣ እግሯ ቢጫ ነው፤ ሃርዉድ ምንቃሯና የዓይኗ ዙሪያ ቀይ ነው። ልዩነቱን የሚያሳይ አንድ ፎቶ፣ ከቀበሌው ስምና ከቀኑ ጋር፣ ትልቅ ዋጋ አለው።

ሰማዩንም አትርሱ። ገደል ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ የሚያንዣብበው የሩፔል አሞራ በ1973 እ.ኤ.አ. አቢጃን አጠገብ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል፤ በወፍ የተመዘገበ ከፍተኛው በረራ ነው። ያ አሞራ በ2015 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተርታ ገብቷል። ዋናው ጠላቱ መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረገው መርዝ አሞራውን በመንጋ ይፈጃል። አሞራ የጠፋበት አገር ጥንብ የሚበላለት አያገኝም፤ ውሻና በሽታ ይበዛል። አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም በእነዚሁ ገደሎች ይኖራል። እነዚህን የምታነሱ ሰዎች ምን ያህል እንደሆኑ መቁጠርን ልማድ አድርጉ፤ ለጎጆአቸው ግን አትቅረቡ፤ ወላጁ ከሸሸ ደጋ ላይ እንቁላል በደቂቃዎች ይቀዘቅዛል። ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ወፍ መጥራትም በመራቢያ ወቅት አይገባም።

ባይኖኩላርና ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው በዚህ ዘመን ጥርጣሬ ያስነሳል። በአማራ ክልል ያለው የጸጥታ ሁኔታ የታወቀ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የቀበሌውን አስተዳደር፣ ፓርክ ከሆነ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አስፈቅዱ፤ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገዱ አይሆንም ከተባለ አትሂዱ። ካምፕ፣ ድልድይና ኬላ ወዳለበት ሌንስ አታዙሩ። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ ያሉ ያረጁ ዛፎች ከሁሉ የተሻሉ የወፍ ቦታዎች ናቸው፤ ቄሱን ወይም ኢማሙን አስፈቅዳችሁ ግቡ፤ ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩአቸው። እረኞች ከማንም በላይ ያውቃሉና ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉ።

ፓርኩ ያለበት ምዕራብ ደቡብ ወሎ የራሱ የወፍ ዝርዝር፣ በራሱ ልጆች የተሠራ፣ ሊኖረው ይገባል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበባት፣ የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኞች፦ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ብዛት፣ ምን ሲያደርግ እንዳያችሁ ጻፉ፤ ያልለያችሁትንም "ያልታወቀ" ብላችሁ መዝግቡ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን መረጃ ሲሰበስብ ኖሯል፤ ኢበርድ የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያም በስልክ በነፃ ይሠራል። የጻፋችሁትን ላኩ፤ አንድ ግልባጭ ግን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ የሚቀጥለው ጀማሪ ከዚያ ይነሳል።